አጃቢውን ማን ይሸኘዋል?

ግንቦት 1 ቀን ሲመሽ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ብታልፉ እሳት ታያላችሁ። በሁለት ብሎኮች መካከል፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ፣ ሦስት ድንጋይ ጉልቻ ተደርጎ ትልቅ ድስት ይጣዳል። ስንዴውና ሽምብራው፣ ባቄላውና አተሩ አንድ ላይ ይንተከተካል። ሌላ ቀን ደረጃ ላይ ሲተላለፉ «ደኅና ዋላችሁ» ብቻ የሚባባሉ ጎረቤቶች ያን ማታ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ቄጤማ፣ አንዷ ረከቦት ይዛ። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ከቤት ውጭ ተወለደች፣ ሐናና ኢያቄምም ያን ጊዜ የበሉት ንፍሮ ነው ስለሚባል ልደታ ደጅ ላይ ይከበራል። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከእሷው ቤተ ክርስቲያን ነው። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ፎቁ ሲቆም ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የግንቦት ልደታ ንፍሮ ግን ፎቅ ላይ ወጥቶ አልቀረም፤ በየዓመቱ ይወርዳል።

ዘንድሮ ዓይኔ የተተከለው ከበሮው ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ጭናቸው ላይ አድርገው ይመታሉ፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ሲደክማቸው አንዲት ወጣት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ወዲያው አልነጠቀችም። አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ካዳመጠች በኋላ ቀኝ እጇን ከቆዳው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ከእሳቸው ጋር አብራ መምታት ጀመረች። ለትንሽ ጊዜ ሦስት እጅ አንድ ከበሮ ላይ ነበር። ከዚያ እናትየዋ ግራቸውን አነሡ፤ እሷ ግራዋን አስገባች። እሳቸው ቀኛቸውን ሰበሰቡ። ከበሮው ጭን ለወጠ፣ ምቱ ግን አልቆመም። ዘፋኟ ምንም እንደተለወጠ ያወቀች አልመሰለኝም። እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠራርገው ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘገኑ።

እኔ ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ ከልደታ በጣም የራቀ ነገር ነው። ኅዳር 16 ቀን 1969 ዓ.ም. ምሽት ላይ፣ በአሜሪካኗ ሳን ፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ በሚባል አዳራሽ ውስጥ፣ ዘ ባንድ የተሰኘው የሮክ ቡድን የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። በዚያ ምሽት ኤሪክ ክላፕተን ተጋብዞ ሶሎውን ገና እንደጀመረ የጊታሩ ማንገቻ ወለቀ። ጊታሩ ሊወድቅ ነው፤ በሁለት እጁ ያዘው። አጠገቡ የቆመው የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ሮቢ ሮበርትሰን አንድ ምት እንኳ ሳያሳልፍ ሶሎውን ከመሃል ተቀብሎ ቀጠለ። ክላፕተን ማንገቻውን አስተካክሎ እስኪመለስ ድረስ ሙዚቃው መንገድ ላይ አልጠበቀውም። በፊልም ስለተቀረጸ ዛሬም ማየት ይቻላል። እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ከክላፕተን ይልቅ የምመለከተው የሮበርትሰንን ዓይን ነው። የጓደኛውን እጅ እያየ ነበር። ባያይ ኖሮ አይደርስለትም ነበር።

ስለዚያ ምሽት ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሀብታም ነው። ቡድኑ አምስት ሰው ነው፦ ሮበርትሰን፣ ሌቮን ሄልም፣ ሪክ ዳንኮ፣ ሪቻርድ ማኑዌልና ጋርዝ ሃድሰን። ከሄልም በቀር ሁሉም ካናዳውያን ናቸው። ለዓመታት የሰው አጃቢ ነበሩ፤ መጀመሪያ ለሮኒ ሃውኪንስ፣ ቀጥሎ ለቦብ ዲላን። የራሳቸውን ስም ማውጣት ሲኖርባቸው ሰው ሁሉ ይጠራቸው የነበረውን ያንኑ ያዙ፤ «ባንዱ» ማለት ነው። ዘፋኙ ስም አለው፤ ከኋላው የቆሙት ግን «ባንዱ» ናቸው። ይህን ማንም የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ ሳይተረጎምለት ይገባዋል።

በስንብቱ ዕለት ታዲያ ነገሩ ተገለበጠ። ያጀቧቸው ሰዎች ሊያጅቧቸው መጡ። ከእንግዶቹ መጀመሪያ የወጣው ሮኒ ሃውኪንስ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ቦብ ዲላን። በመካከል ማዲ ዋተርስ፣ ኒል ያንግ፣ ጆኒ ሚቼል፣ ቫን ሞሪሰን፣ ዶክተር ጆን፣ ሌሎችም። አዘጋጁ ቢል ግሬሃም 25 ዶላር ከፍሎ ለመጣው 5,000 ያህል ሰው መጀመሪያ ራት አበላ፤ ዕለቱ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ስለነበር የቱርክ ዶሮ ቀረበ። ከራቱ በኋላ ኦርኬስትራ ዋልዝ መታ፣ ሰውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ደነሰ። ሮኩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ የቀረጸው ፊልምም እ.ኤ.አ. በ1978 «የመጨረሻው ዋልዝ» ተብሎ ወጣ። ሰውን አብልቶ ማሰናበት የልደታም የሳን ፍራንሲስኮም ወግ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ኒል ያንግ ሲዘፍን ከመጋረጃ ጀርባ የሴት ድምፅ አብሮት ይሰማል። ጆኒ ሚቼል ናት። ተራዋ ገና አልደረሰም፣ ለሕዝቡም አልተዋወቀችም፤ ስለዚህ ሳትታይ ቆማ አጀበችው። ሁለተኛው፦ ማዲ ዋተርስ በዘፈነ ጊዜ ካሜራዎቹ ሁሉ ፊልም ለመቀየር ቆመው ነበር። ላዝሎ ኮቫክስ የተባለው ካሜራማን ብቻ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ስለነበር አቁሙ የሚለውን ትእዛዝ አልሰማም፤ ዓይኑን ካሜራው ላይ አድርጎ መቅረጹን ቀጠለ። የዚያን ትልቅ ሰው ዘፈን ዛሬ የምናየው በዚያ አንድ ካሜራ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም መድረኩን ሞሉት። ከቢትልሶቹ ሪንጎ ስታር ከበሮ ላይ ተቀመጠ፣ ሮን ውድ ጊታር አነሣ፣ ከዚያም ማንም ያላዘጋጀው፣ ዘፈንም ዘፋኝም የሌለው ጃም ተጀመረ። እንግዶቹ ተራ በተራ ወረዱ። ሕዝቡ ግን አልሄደም። አምስቱ ተመልሰው ወጡና ብቻቸውን አንድ ዘፈን ተጫውተው ጨረሱ። ስኮርሴዚ ፊልሙን የጀመረው በዚያ የመጨረሻ ዘፈን ነው፤ ልክ ለቅሶ ደራሽ መጀመሪያ ስለመጨረሻዋ ሰዓት እንደሚጠይቀው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው፤ ሁለቱን እያደባለቅን እንጠቀምባቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። ስንብት የሚሄደው ሰው ሥራ ነው። «ደኅና ሁኑ» የሚለው እሱ ነው። ሽኝት ግን የቀሪው ሥራ ነው። እንግዳ ሲሄድ ከመቀመጫችን ሆነን ቻው አንልም፤ ተነሥተን እስከ ደጃፍ፣ ካከበርነውም እስከ ታክሲው አብረን እንሄዳለን። ያችን ያህል መንገድ ከእሱ ጋር እንካፈላለን። የዊንተርላንዱ ጃም ለእኔ ሽኝት ነው። እያንዳንዱ እንግዳ የቻለውን ያህል አብሯቸው ተራመደ፣ ከዚያ ተመለሰ፤ የቀረውን መንገድ አምስቱ ብቻቸውን ሄዱ።

«ማጀብ»ም እንዲሁ የመንገድ ቃል ነው። ታቦት ይታጀባል። ሙሽራ ይታጀባል። ንጉሥ ይታጀብ ነበር። ሙዚቀኛውን «አጃቢ» ስንለው አሳንሰን የጠራነው ይመስለናል፤ ቃሉ ግን ከታቦቱ ጋር የሚሄደው ሕዝብ የሚጠራበት ቃል ነው።

ወደ እኛው ኅዳር 1969 ልመለስ። ዊንተርላንድ ውስጥ ዋልዝ በተመታበት ወር አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። ጥይት የሚሰማበት፣ ሰው አምሽቶ የማይወጣበት ዘመን ነው። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ ይልቅ ረዘመ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት አይችልም። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም ሌሊቱን ይጫወታል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ዘፋኝ ሁሉ ይደክማል፤ የሚታወቀው ዘፈን ሁሉ ይዘፈንና ገና ንጋቱ ሩቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ሳክስፎኑ ዜማውን ይወስዳል፣ ኦርጋኑ ይቀበላል፣ ጊታሩ ያራዝማል። የዚያን ዘመን ያለ ዘፈን የተቀረጹ ሥራዎች ስሰማ ይህ ረጅም ሌሊት ውስጣቸው ያለ ይመስለኛል። አይቤክስ ባንድ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ ሙዚቃውን ብቻ ቀረጸ። ዋልያስ ባንድ በተከታዩ ዓመት «ቼ በለው»ን አወጣ፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑ ላይ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ ድረስ ዓለምን የሚዞረው ከዚያ ሸክላ ተነሥቶ ነው። ዘፋኝ የለበትም። ባንዱ ብቻ ነው።

ዋልያስ እንዴት ተለያየ? እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ። ዙሩ ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ አገር ተመለሱ። አበቃ። የስንብት ምሽት የለ፣ ራት የለ፣ መድረክ ሞልቶ መጫወት የለ። ከልደታ ጣቢያ ባቡር ስሳፈር አንዳንዴ ስለ እነሱ አስባለሁ። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ በተግባረዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር አድርገው እስከ ስታዲየም ድረስ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ቃሊቲ፣ አንዱ ወደ አያት ይታጠፋል። በመለያያው ላይ ባቡሩ ትንሽ ይንገጫገጭና ይቀጥላል። ተሳፋሪው ከስልኩ ቀና አይልም።

ኃይሉ መርጊያ ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አልጠፋም፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ዳግመኛ ሲጠራው ጣቶቹ ዝግጁ የነበሩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። እኔ የማስበው ግን ስለዚያ የታክሲ ሰልፍ ነው። አንድ ሰው ብቻውን፣ አጃቢም የሚያጅበውም ሳይኖረው፣ በቆመ መኪና ውስጥ። ያ ሰው በዊንተርላንድ ልክ ሊሸኝ የሚገባው ሰው ነበር።

እኛ የምንሸኘው ሲሞት ነው። በዚህ ማንም አይስተካከለንም። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ተቀበረ፤ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተሞልቶ ሥላሴ ካቴድራል ድረስ ታጀበ። ይገባው ነበር፤ ከዚያም በላይ ይገባው ነበር። ግን አልሰማውም። ድንኳን መትከል፣ ወንበር መደርደር፣ ንፍሮ መቀቀል የምንችል ሕዝብ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እያየ ለምን አናደርገውም?

ለዚህ ነው የማሕሙድ አሕመድ ስንብት ልቤን ያሞቀው። በ83 ዓመቱ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ በሕይወት ቆሞ ከመድረክ ተሰናበተ። የመርካቶ ልጅ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረ፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ማይክሮፎን ያገኘ ሰው ነው። አይቤክስ ባንድ ከኋላው ቆሞ የተሠራው «ኧረ መላ መላ» በእኛ ካሴትና ሸክላ ብቻ አልቀረም፤ አውሮፓ ደርሶ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ በር የከፈተ ሥራ ነው። ያን ሥራ ስሰማ ጆሮዬ አሁን አሁን ወደ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝና ወደ ሰላም ሥዩም ጊታር ይሄዳል። ሁለቱ ኋላ በሮሃ ባንድ የሠሩትን ብንቆጥር የአንድ ትውልድ ሠርግ፣ ልደትና ትዝታ በእነሱ ጣት ላይ አልፏል።

ጥር 3 ስል አንድ ነገር አብሮ ይመጣብኛል። ልክ በአሥር ዓመት ቀድሞ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ፤ አብሮትም ጃዛምባ። ጃዛምባ በዚህ ከተማ ወጣቱ ሙዚቀኛና አንጋፋው ዘፋኝ አንድ መድረክ ላይ የሚገናኙበት ቤት ነበር፤ ግሩም መዝሙር ጊታሩን ይዞ፣ አየለ ማሞ ማንዶሊኑን ይዞ፣ እነ ባሕታ ገብረ ሕይወት እንደገና የሚዘፍኑበት። ያንን ቤት ማንም ተሰብስቦ አልሸኘውም። እሳት ነው የወሰደው። ማሕሙድ በተሰናበተ በአሥረኛው ቀን ደግሞ፣ ጥር 13 ቀን 2017፣ ከዊንተርላንዶቹ አምስቱ የመጨረሻው ጋርዝ ሃድሰን አረፈ። ኦርጋን ተጫዋቹ ነበር፤ ከሁሉም ዝምተኛው።

ሮክ ባንድና የእኛ ሰው በአንድ መድረክ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ጌታቸው መኩሪያን ያስታውስ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ያስገባ ሰው ነው፤ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአምስተርዳሙ ዘ ኤክስ፣ ጊታሩን እንደ መጋዝ የሚያስጮህ የፓንክ ሮክ ቡድን፣ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዘው። ሰባ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰው ከእነዚያ ጋር ምን ይሠራል ይባል ይሆናል። እሱ ግን ወደዳቸውና ሥራዬን እናንተ አጅቡልኝ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ከዚያ ወጡ። ጎፈሩን ደፍቶ መሃል ቆሞ ሲነፋ፣ ፈረንጆቹ በዙሪያው ዝቅ ብለው ጊታራቸውን ሲያንጎራጉሩ ፊልሙን አይቻለሁ። ያ ሁሉ ጩኸታቸው ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ሲሰበሰብ ይታያል። ሽለላ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ጀግናው ሲፎክር ዙሪያው የሚያጅበው ከሌለ ፉከራው አይሞላም። እነሱ ይህ ገብቷቸው ነበር። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ሳይሸኝ አልሄደም እላለሁ፤ የሸኙት ሆላንዶች መሆናቸው ግን ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከልደታ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ የምሽት ቤት የቤቱ ባንድ የመጨረሻ ምሽቱ ነበር። ለዓመታት በሳምንት አምስት ቀን የተጫወቱ ልጆች ናቸው። ጓደኛዬ ጎተተኝና ሄድኩ። እስከ ስድስት ሰዓት እንደማንኛውም ምሽት ነበር። ከዚያ ሌላ ቤት ሥራቸውን የጨረሱ ሙዚቀኞች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ጊታር በጀርባ ያዘለ። የሳክስ ሳጥን ያንጠለጠለ። አንድ ድራመር የመጣው በኋላ ኪሱ ሁለት ስቲክ ብቻ ሰክቶ ነው።

ሲገቡ መድረክ ላይ ዘለው አይወጡም። ጠርዙ ላይ ይቆማሉ። ጊታር የያዘው ልጅ የኬብሉን ጫፍ በእጁ ይዞ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ሦስት ዘፈን ሙሉ ቆመ፤ የቤቱ ጊታሪስት ቀና ብሎ በአገጩ ሲጠራው ሰካ። ከዚያ አንዱ ዞር ብሎ «ባቲ» አለ። ይቺ ብቻ። አንድ ላይ ተለማምደው የማያውቁ ስምንት ሰዎች በአንዲት ቃል አንድ ቤት ገቡ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱ ቅኝቶች የዚህ አገር ሙዚቀኛ ሁሉ የጋራ ቁልፍ ናቸው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ሲባል የሚሆነው ነገር እዚህ ያለ ቃል ሆነ፤ ሳክሱ ሐረጉን ሲጨርስ አፉን ከማውጣቱ በፊት ወደ ኪቦርዱ ያያል፣ ኪቦርዱ ይቀበላል። ድራመሮቹ ሲለዋወጡ ያየሁት ደግሞ ከግንቦት ልደታው ከበሮ ጋር አንድ ነው፦ አዲሱ ከጎን ቆሞ በአንድ ስቲክ ሲምባሉን መምታት ጀመረ፣ የፊተኛው ከወንበሩ ተንሸራተተ፣ አዲሱ ተቀመጠ። እግሩ ሲደርስ የፊተኛው እግር ገና ከፔዳሉ እየተነሣ ነበር።

ሁሉም ተለዋወጠ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ግን አልተለወጠም። ያን ማታ ሌላ ቤዝ ተጫዋች አልመጣም። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ድራሙ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በፊቱ ወጥተው ሶሎ ተጫውተው ተጨበጨበላቸው። እሱ ሁሉንም ተሸከመ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት ዘፈን መሃል፣ ግራ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ሲያፍታታ አየሁት።

መጨረሻ ላይ አስተዋዋቂው ማይክሮፎን ይዞ አመሰገነ። የቤቱን ባለቤት፣ የመጠጥ ድርጅቱን፣ ዘፋኞቹን አንድ በአንድ፣ እንግዳ ሶሎ ተጫዋቾቹን ሳይቀር። ከዚያ «ባንዱንም እናመሰግናለን» አለና መብራት በራ። የቤዝ ተጫዋቹ ልጅ ስም አልተጠራም።

ልጁ ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ ኬብሉን ከአምፕሊፋየሩ ነቀለና በክንዱና በመዳፉ መካከል መጠቅለል ጀመረ፤ እንዳይጣመም በየዙሩ እያቃና፣ ቀስ ብሎ። ከማድ ቤቱ በኩል ሽርጥ ያሸረጡ ሴትዮ ሳህን ይዘው ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ያበሰሉት እሳቸው ናቸው። መድረኩ ጠርዝ ላይ ሳህኑን አስቀመጡና «ልጄ፣ ሳትበላ እንዳትሄድ፤ ዛሬ ደግሞ እጅህ ዝሏል» አሉት። ከዚያ ሁሉ ሰው እጁን አይተው የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ልጁ «እሺ እማማ» ብሎ ኬብሉን አስቀምጦ ቁጭ አለ። እኔም ጓደኛዬ ስለቸኮለ ወጣሁ፤ ስሙን ሳልጠይቀው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ማይክሮፎን ለምትይዙ ሁሉ ልመናዬ አንድ ነው። የማሕሙድ ስንብት መንገድ ከፍቷል፤ በዚያው መንገድ የኋለኞቹን አስከትሉ። «ባንዱ» ብላችሁ አታሳልፉ። ቤዙን፣ ድራሙን፣ ኪቦርዱን በየስማቸው ጥሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለአንጋፋ አጃቢ ምሽት አዘጋጁለት፤ ያጀባቸው ዘፋኞች ይምጡ፣ ከኋላው ይቁሙ፣ አንድ ቀን እሱ መሃል ይሁን። ራትም ይኑር።

አንባቢዬ፣ አንቺም አንተም ቤት የድሮ ካሴት አይጠፋም። ሽፋኑን ገልብጡት። የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ከሥር በትንሽ ፊደል የባንዱ ስም ይኖራል፣ የተጫዋቾቹ ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ማን ቤዝ እንደተጫወተ የሚያውቅ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁትና በእስክሪብቶ ጻፉበት።